አንድ ምትክ፣ ጠንከር ያለ

«ምትክ መቼም ምትክ ነው። እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ግን ምን ይደረግ፣ ጭራሽ ከሚቀር ይሻላል፤» ስትል ኪኑዌ ሰማቻት። ድምፁ የናትሱኖ ነው፤ ከተንሸራታቹ በር ወዲያ፣ በስልክ፣ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ። ኪኑዌ ለሟች እህቷ ምስል የምታቀርበውን ትኩስ ሩዝ በትንሽ ስኒ ይዛ በጠባቡ ኮሪደር እያለፈች ነበር፤ እንፋሎቱ መነጽሯን አደብዝዞታል። የሰው ወሬ ማዳመጥ ልማዷ አይደለም። ዛሬ ግን እግሯ አልታዘዝ አላት። ናትሱኖ ሳቀች፤ በስልኩ ማዶ ያለው እጮኛዋ ታኩሮ የሚያስቅ ነገር ሳይነግራት አልቀረም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዛሬ እጠይቃታለሁ። አይ፣ ቤት ውስጥማ አይሆንም፣ አባዬ አለ። እዚያው ራመን ቤቱ፣ እየበላን። ትቆጣኛለች ብዬ እኮ አይደለም። ብትቆጣማ ደግ ነበር። ምንም ሳትል እሺ ስትለኝ ነው የምፈራው፤» አለች።

«ምትክ» የሚለው ቃል ለኪኑዌ እንግዳ አልነበረም። በሌላ ሰው ስም ፈተና ሊቀመጥ ገብቶ የተያዘ ተማሪ በዜና ሲወራበት ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። በዚህ ቤት ውስጥ፣ በዚህች ልጅ አፍ ሲነገር ግን ሰምታው አታውቅም። ናትሱኖን የወለደቻት ሳናኤ ናት፤ የኪኑዌ ታላቅ እህት። ሳናኤ ስትሞት ናትሱኖ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ኪኑዌ የሐዘኑ ሰሞን እስኪያልፍ ልጅቷን ላብላ ብላ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች፤ ሰሞኑ አለፈ፤ ልጅቷ እየባነነች እጇን ይዛ መተኛት ለመደች፤ ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው፣ ባዳ ሴት ከምትገባ አክስቷ ትሻላለች አሉ። ከሳናኤ ባል ከዮሺሃሩ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄደው የጋብቻ ውል ፈረሙ፣ ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ በሉ፣ ወደ ቤት ተመለሱ። ሠርግ የሚባል ነገር አልነበረም። ናትሱኖ ከዚያ በፊት «አክስቴ» ትላት ነበር፤ ከዚያም በኋላ «አክስቴ» አለቻት፤ ይህን እንለውጠው ያለ ሰው የለም። በወጥ ቤቱ ውስጥ የሩዝ መስፈሪያው ዛሬም የሚንጠለጠለው ሳናኤ በመታችው ምስማር ላይ ነው። ሳናኤ ረጅም ነበረች። ኪኑዌ በየጠዋቱ በእግሯ ጣቶች እየቆመች ታወርደዋለች፤ ነቅላ ዝቅ አድርጋ ልትመታው ግን አንድ ቀንም አልደፈረችም።

ሩዙን በቤቱ መሠዊያ ላይ አስቀመጠች። ውኃውን ለወጠች፣ ትንሿን ደወል መታች፣ እጆቿን ገጠመች። ጸሎቷ አጭር ነው፤ ስም ታነሳለች፣ ታመሰግናለች፣ ትነሳለች። ሳናኤ በፎቶው ውስጥ እንደ ሁልጊዜዋ ፈገግ ብላለች፤ በሞተችበት ዕድሜ ስለቀረች፣ ታላቅ እህት የነበረችው አሁን በዕድሜ የኪኑዌ ልጅ ልትሆን ምንም አልቀራት። ዛሬ ጸሎቱ አልቆም ኪኑዌ አልተነሳችም። ናትሱኖ ምን ልትጠይቃት እንደሆነ ታውቃለች፤ ወይም የምታውቅ መሰላት። ሠርጉ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ባለፈው የሳናኤ መታሰቢያ ቀን፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሲበላ፣ የዮሺሃሩ እህት ቺዙ በጨው የተቀመመ ራዲሽ እየቆረጠመች፣ «በሠርጉ ዕለት የሳናኤን ፎቶ በእናት ወንበር ላይ እናስቀምጣለን፤ የእናት ወንበር የእናት ነው፤ አይደለም እንዴ?» ብላ ነበር። አይደለም ያለ የለም። አዎ ያለም የለም። ዮሺሃሩ ሻዩን ጠጣ፤ ናትሱኖ ስልኳን አየች፤ ኪኑዌ ደግሞ ባዶ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ያ ወንበር ከዓይኗ አልጠፋም። ጨርቁ ነጭ ሆኖ፣ ከኋላው ሪባን ታስሮበት፣ ባዶውን ይታያታል። መጠየቅ አትችልም። የሟች እህትን ወንበር እፈልጋለሁ ብሎ በምን አፍ ይጠየቃል?

ዮሺሃሩ ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ አንጥፎ የእግሩን ጥፍር ይቆርጥ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እሑድ እሑድ እንዲህ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ አንድ እግር ጨርሶ ቤዝቦል ያያል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ኪኑዌ ሻይ አቀረበችለትና አጠገቡ ቆመች።

«ናትሱኖ ዛሬ ልትጠይቀኝ የምትፈልገው ነገር አለ መሰለኝ፤» አለችው።

«እ።»

«አንተ የነገረችህ ነገር አለ?»

«ጠይቃኝ ነበር እኔንም። አንቺን ብትጠይቅ ይሻላል አልኳት።»

«ምኑን?»

ዮሺሃሩ ጥፍር መቁረጫውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ተመለከተው። «ሂጂና ስሚያ። ራመን ትጋብዝሻለች አይደል እንዴ?» አለ። እሱ ሲጨነቅ እንዲህ ነው፤ ነገሩን ወደ ምግብ ይወስደዋል። ኪኑዌም ይህን ስለምታውቅ የባሰ ፈራች።

የለበሰችው ሰማያዊ ግራጫ ሱፏን ነበር፤ ድሮ ናትሱኖ ተማሪ ሳለች ለወላጆች ስብሰባ የምትለብሰውን። ናትሱኖ ጫማዋን እያጠለቀች ቀና ብላ አየቻትና፣ «አክስቴ፣ ራመን ልንበላ እኮ ነው የምንሄደው። መረቁ ይረጭብሻል፤» አለቻት። ኪኑዌ፣ «እጠነቀቃለሁ፤» አለች። በእጇ ላይ የዘይት ጠባሳ አለ፤ ሳምንቱን በሱፐርማርኬት ጓሮ የድንች ክሮኬትና ሽሪምፕ ስትጠብስ ነው የምትውለው፤ ሱፉን ስትለብስ እጅጌውን ጎተት አድርጋ ጠባሳውን መሸፈን ለምዳለች። ከካዋጉቺ ተነሥተው አካባኔ ላይ ባቡር ቀየሩ። ውጪው ያካፋል፤ የሰዉ ጃንጥላ በባቡሩ ወለል ላይ ይንጠባጠባል። ጎን ለጎን ተቀምጠው ናትሱኖ በስልኳ ስትጽፍ፣ ስታጠፋ፣ እንደገና ስትጽፍ፣ ኪኑዌ በልቧ አንዲት አረፍተ ነገር ታጠና ነበር፤ «እኔ ከኋላ ብቀመጥ ግድ የለኝም።» አንዴ «ምንም» የሚል ጨመረችበት፤ «ምንም ግድ የለኝም።» እንዲህ ሲሆን የተቀየመ ሰው ይመስላል፤ አወጣችው። ልጅቷ ጥያቄውን አፏ ውስጥ እያገላበጠች እንድትጨነቅ አልፈለገችም። እሺ እንደምትላት አስቀድማ ትንገራትና ነገሩ በዚያው ይለቅ። ይህን ስታስብ ግን የሱፉን እጅጌ እንደገና ጎተተችው።

ራመን ቤቱ ኢኬቡኩሮ ነው፤ ከጣቢያው በምሥራቅ በኩል፣ ከአንድ የአሻንጉሊት መደብር በላይ ባለው ፎቅ። «የዝናብ ባቡር» የሚባለው አኒሜ፣ ናትሱኖ ከተማሪነቷ ጀምሮ የምትከታተለው ካርቱን፣ የዝናቡ ወር እስኪያልቅ ቤቱን እንዳለ ወርሶታል። ሰልፉ ከደረጃው እስከ ታች ይወርዳል። አስተናጋጆቹ ሁሉ የባቡር ትኬት ቆራጭ ልብስ ለብሰዋል፤ እንግዳውን «ተሳፋሪ» እያሉ ነው የሚጠሩት። አንድ ዙር ሰው ይገባል፣ ይበላል፣ ደወል ሲደወል ተነሥቶ ይወጣል፣ ሌላው ዙር ይገባል። በሩ አጠገብ የትኬት ማሽን አለ፤ ናትሱኖ አንዷን ጎድጓዳ ሳህን በአንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ የን ሁለት ጊዜ ስትጫን ኪኑዌ ትንፋሿን ያዘች። ለዚያ ሁሉ ገንዘብ አንድ ሳህን ኑድል! ናትሱኖ ከዚያ ሌላ ትንሽ ቁልፍ ደግማ ተጫነች፤ የወጣችውን ትንሽ ቢጫ ትኬት ኪሷ ውስጥ ከተተች። ኪኑዌ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ውስጡ እውነተኛ የባቡር ፉርጎ ይመስላል። ወንበሮቹ ቀይ ቬሎር ናቸው፤ መስኮት በሚመስሉት ስክሪኖች ላይ ዝናብ፣ የሩዝ ማሳ፣ ድልድይ ያልፋል። ከጣሪያው የሐዲድ ድምፅ ይወርዳል፤ ካርቱኑ ውስጥ ያለችው ቀበሮ አልፎ አልፎ የጣቢያ ስም ትጠራለች። በዚህ ሁሉ ጫጫታ የወጥ ቤቱ ጩኸት እንኳ አይሰማም። ሰዉ ሁሉ ወጣት ነው። በሱፍ ልብስ የመጣችው ኪኑዌ ብቻ ናት። ትኬት ቆራጩ ልጅ ጎንበስ ብሎ፣ «ተሳፋሪ፣ ልብስዎ እንዳይበላሽ፤» ብሎ የወረቀት መሸፈኛ አንገቷ ላይ ሲያስርላት እንደ ሕፃን ዝም ብላ ታሰረች። ራመኑ መጣ። የአሳማ አጥንት መረቅ፣ ነጭና ወፍራም፣ ክር በሚያህሉ ቀጫጭን ኑድሎች ላይ ፈስሶ፣ በላዩ ደግሞ የቀበሮዋ ፊት የታተመበት የባሕር አረም ተኝቶበት። ናትሱኖ ፎቶ አነሳች። ኪኑዌ እጆቿን ገጥማ አመሰገነችና መብያ እንጨቶቹን አነሣች። መረቁ ጥሩ ነበር፤ ኑድሉን ግን በእንጨቶቹ ታነሳና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ናትሱኖ እስካሁን አልጠየቀቻትም። ስለ መረቁ አወራች፤ ስለ ታኩሮ አለቃ አወራች፤ ስለ ዝናቡ አወራች። አፏን ትከፍትና መልሳ ኑድል ትሞላበታለች። በሩ ላይ ያለው ትልቅ ሰዓት የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል። ኪኑዌ ልጅቷ ትጨርስና ትጠይቀኝ እያለች ጠበቀች፤ ደግሞ ሳትጠይቀኝ ደወሉ በተደወለ እያለችም ጠበቀች፤ ሁለቱ ምኞት በአንድ ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር እግዜር ይወቀው።

ከመጠጡ ጋር ለእያንዳንዱ ሰው የታሸገች ክብ የብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶን ይሰጣል። ውስጧ የትኛው የካርቱኑ ሰው እንደሚወጣ ማንም አያውቅም፤ ዕድል ነው። የናትሱኖ ተከፈተች፤ የጣቢያው ኃላፊ፣ ያ ጢማሙ ሽማግሌ ነው። «ኧረ በቃኝ፣ ይሄ ሰውዬ አራተኛዬ ነው!» አለች። ኪኑዌ የራሷን ስትከፍት ቀበሮዋ ወጣች፤ ቀይ ጃንጥላ ይዛ። ከጎን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ልጃገረዶች አሉ፤ ትናንሽ የፕላስቲክ ምስሎች ከሳህናቸው ፊት ደርድረው፣ ኑድሉ እየቀዘቀዘ ፎቶ የሚያነሱ። አንዷ ዘልላ ተነሳች።

«ወይኔ! ባለ ጃንጥላዋ! ከጠዋት ጀምሮ እሷን ነው የምፈልገው!» አለችና ወደ ናትሱኖ ዞረች። «እናትሽ ምን ዓይነት ዕድል ነው ያላቸው እቴ!»

«አክስቴ ናት፤» አለች ናትሱኖ እየሳቀች፣ ሁልጊዜ እንደምትለው፣ ምንም ሳታስብበት።

ኪኑዌም ሳቀች። ካርቶኗን አነሳችና ለልጅቷ ዘረጋችላት። «እንቺ ልጄ፣ ውሰጃት። እኔ ምን ያደርግልኛል?» ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ጎንበስ ቀና ብላ፣ መልሺ እንዳትባል የፈራች ይመስል በሩጫ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ናትሱኖ አፏን ከፍታ ቀረች።

«አክስቴ! እሷን እኮ ነው እኔም የምፈልገው!»

«ኧረ? ታዲያ ምነው አትነግሪኝም?»

«ልነግርሽ ስል ሰጠሻት! ሰው ‹ስጪኝ› ሳይልሽ እኮ ነው የሰጠሻት። ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ። አንድም ቀን የኔ ነው ብለሽ አታውቂም።» ይህን ያለችው በቀልድ ነበር፤ ግማሹን ግን በቀልድ አልነበረም። ከዚያ ከኪሷ ያቺን ቢጫ ትኬት አውጥታ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረቻት፤ ትኬት ቆራጩ ሲያልፍ በመብሻው በስቶ ወሰዳት። ኪኑዌ አላየችም። ዓይኗ ናትሱኖ ላይ ነበር። የመጨረሻዋን የኑድል ክር ስታነሳ፣ መብያዋን ስታስቀምጥ፣ በናፕኪን አፏን ስትጠርግ፣ ወደ ፊት ጠጋ ስትል አየቻት። መጣ፣ አለች በልቧ። ከመጣስ በእኔ ይምጣ።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ...»

«እኔ ከኋላ ብቀመጥ ግድ የለኝም፤» አለች ኪኑዌ።

ናትሱኖ ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን ቀይ ወንበር አየች። «የት ኋላ? ቦታው አልተመቸሽም እንዴ?»

«በሠርግሽ ነው የምልሽ። ከዘመዶቹ ጋር፣ የትም። ቺዙ ያለችው ልክ ነው። በእናት ወንበር ላይ የሳናኤ ፎቶ ይቀመጥ። እኔ ምትክ እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ ጠዋት በስልክ ስትናገሪ ሰማሁሽ። አልተቀየምኩሽም። እውነቴን ነው። ምትክ መቼም እንደ መጀመሪያው አይሆንም።» ምንም ሳትጨምርና ሳትቀንስ ልትናገር ነበር ያሰበችው፤ ድምፅዋ ግን መጨረሻው ላይ ተሰበረ። እጇን ጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

ናትሱኖ ፊቷ ባዶ ሆነ። ምን እንደተባለች ልትረዳ ሞከረች፣ አልቻለችም። ልክ በዚያች ቅጽበት ትኬት ቆራጩ ልጅ በአንድ እጁ ትንሽ ሳህን ከፍ አድርጎ ይዞ ከጠረጴዛቸው ፊት ቆመና፣ ፉርጎው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ።

«አንድ ምትክ፣ ጠንከር ያለ! ያዘዘው ተሳፋሪ ማን ነው?»

ልጁ ከኪኑዌ ወደ ናትሱኖ፣ ከናትሱኖ ወደ ኪኑዌ አየ። ናትሱኖ እንደ ተማሪ ቀስ ብላ እጇን አነሣች። ልጁ ከውኃ የወጣውን ትኩስ ኑድል በተረፈው መረቋ ውስጥ ገለበጠው፤ «መልካም ጉዞ፤» አለና ሄደ።

ይህንንም ቢሆን ኪኑዌ ታውቀዋለች። ማን የማያውቀው አለ? በእንዲህ ያለ ራመን ቤት ኑድሉ አልቆ መረቁ ሲተርፍ፣ ሌላ ኑድል አምጡልኝ ተብሎ ይታዘዛል፤ ስሙ ምትክ ነው። ጠንከር ያለ የሚወድ ጠንከር ያለ ይላል፣ ለስለስ ያለ የሚወድ ለስለስ ያለ። ያው ቃል ነው። ጠዋት በዚያ ኮሪደር ላይ ግን ኑድል የሚባል ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰላትም። ጆሮዋ እስከ ጫፉ ቀላ።

«ታኩሮ...» አለች ናትሱኖ፤ መጨረስ አልቻለችም። «ታኩሮ ባለፈው መጥቶ በልቶ፣ የዚህ ቤት ምትክ መረቁን ያቀጥነዋል፣ እንደ መጀመሪያው አይሆንም እያለ... ስለ ኑድል እኮ ነው አክስቴ! ስለ ኑድል!» ሳቋ አመለጣት። ኪኑዌም ሳቀች፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ የወረቀት መሸፈኛዋን ወደ ዓይኗ አንሥታ። የጎን ጠረጴዛው ልጃገረዶችም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። እፎይ ያለች መሰላት። ነገር ግን ናትሱኖ ቀድማ ሳቋን አቆመች፤ ኪኑዌ ቀና ስትል የልጅቷ ዓይን እሷ ላይ ተተክሎ አገኘችው።

«ወዲያው አመንሽው ግን፤» አለች ናትሱኖ። «ቃሉን ስትሰሚ፣ ስለ እኔ ነው ብለሽ ወዲያው አመንሽው። ማን ነው እንዲህ ያለሽ? ቺዙ ናት? አባዬ ነው?»

«ማንም አላለኝም።» ይህ እውነት ነበር። በዚያ ቤት በኖረችበት ዘመን ሁሉ ያንን ቃል በአፉ ያወጣ ሰው የለም፤ እሷው ራሷ ናት ለራሷ ያወጣችው። ይህን ለመናገር ግን አልቻለችም። ናትሱኖም አልገፋችም። በስክሪኑ ላይ ድልድዩ አለፈ፣ የሩዝ ማሳው አለፈ። ከጣሪያው ቀበሮዋ፣ «ተሳፋሪዎች ሆይ፣ የመጨረሻው ጣቢያ እየቀረበ ነው፤ ዕቃችሁን እንዳትረሱ!» አለች። ከበሩ ውጪ የሚቀጥለው ዙር ጃንጥላውን ሲያራግፍ ይታያል። ናትሱኖ ሰዓቱን አየችና ፊቷ ተለወጠ፤ ጠዋት ከበሩ ወዲያ የሰማችውን ያንን ዝቅ ያለ ድምፅ ኪኑዌ አሁን ፊት ለፊት ሰማችው።

«ልጠይቅሽ የፈለግሁት ነገር አለ፤ ኑድል ያልሆነ። ሠርጉ የሚደገስበት ሆቴል ለእናቴ የጥላ ትሪ እናዘጋጃለን አለ።»

የጥላ ትሪ መምጣት ላልቻለ የቤት ሰው የሚቀርብ ገበታ ነው፤ መንገድ ለሄደም፣ ለሞተም። ስለዚህ ኪኑዌ ፈርታው የዋለችው ነገር ሐሰት አልነበረም ማለት ነው፤ በሌላ በር ዞሮ መጣ እንጂ።

«ምን ትወድ ነበር ብለው ጠየቁኝ፤» አለች ናትሱኖ ኑድሉን በመብያዋ እያንቀሳቀሰች፣ ሳትበላ። «አላውቅም ማለት አፈርኩ። የገዛ እናቴን። አስባለሁ፣ አስባለሁ፣ የሚመጣልኝ ግን ፎቶው ብቻ ነው። ድምፅዋ እንኳ አይመጣልኝም። አባዬን ብጠይቀው ‹ሁሉንም ትበላ ነበር› አለኝ። ቺዙ ደግሞ ‹እንደ እናትሽ ያለ ደግ ሰው አልነበረም› ትለኛለች፤ ደግነት ሳህን ላይ አይቀርብ! አንቺ ነሽ የምታውቂው። አንቺን መጠየቅ ግን ፈራሁ። አሳድገሽኝ፣ ሠርጌ ሲደርስ እናቴን የምፈልግ መስሎ እንዳይታይሽ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ ትሪው የት ይቀመጥ አሉኝ። ቺዙ የምትለው በእናት ወንበር ፊት ነው። እኔ... አንቺን ጠይቄ እመልሳለሁ አልኳቸው።»

ኪኑዌ መልሱ አፏ ላይ ነበር። «ቺዙ እንዳለችው ይሁን።» ከጠዋት ጀምሮ ስታጠናው የዋለችው ነው፤ ቀላል ነው፤ ማንም አይቀየምም፤ ሳህኖቹን ሰብስቦ ወደ ወጥ ቤት እንደመሄድ ነው። ልጅቷን አየቻት። ናትሱኖ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች፤ «ምንም ሳትል እሺ ስትለኝ ነው የምፈራው» ያለችው ፍርሃት ይኸው ፊቷ ላይ ነው። መረቁ ውስጥ የገባው ኑድል እያበጠ ነበር።

«ሽሪምፕ እንዳያቀርቡላት፤» አለች ኪኑዌ። «ከንፈሯ ያብጥ ነበር። አንድ ጊዜ በዘመድ ሠርግ ላይ በልታ፣ ለፎቶ ስትጠራ በመሀረብ አፏን ሸፍና ነው የተነሳችው።»

ናትሱኖ ቀና አለች።

«ኑድልም አትወድም ነበር። ሰው ሲስበው ድምፁ ያናድደኛል ትላለች። ቁጡ ነበረች እናትሽ። የበላችበትን ሳህን አታነሣም፣ እኔ ነኝ የማነሣላት። ዘፈን ትወዳለች፣ ግን ዜማ አትይዝም።»

«ቁጡ ነበረች?» አለች ናትሱኖ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ አፏ ግን ፈገግ ብሏል። «ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።»

«የሞተ ሰው ይሞገሳል፤ ምን ይደረግ። የምትወደው ምን መሰለሽ፣ በስኒ ውስጥ በእንፋሎት የበሰለውን እንቁላል ነው። ለበዓል ብቻ ነበር እናታችን የምትሠራው። ግን ከታች የምትገኘውን መራራዋን የጊንኮ ፍሬ አትበላም። እናታችን ትቆጣለች። ስለዚህ እናታችን ዞር ስትል በማንኪያ ታወጣና የእኔ ስኒ ውስጥ ትከታታለች። እኔም መራራ አልወድም፤ ግን ታላቄ ናት፣ እበላላታለሁ። እስክታገባ ድረስ እንደዚያ ነበርን።» ኪኑዌ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለፎቶውም እንኳ። እህቷን በፎቶ ሳይሆን ማንኪያ ይዛ ካየቻት ስንት ዘመኗ ነው! አሁን ከዚያ ነጭ ጨርቅ ከለበሰው ወንበር ላይ ረጅሟ ሳናኤ፣ ተቆጥታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ፍሬዋን ይዛ ወዴት ልክተታት ብላ ግራ ቀኝ ስትፈልግ ታየቻት። አጠገቧ ግን ማንም የለም።

ደወሉ ተደወለ። ሰዉ ጃኬቱን ማንሣት ጀመረ። ናትሱኖ አልተነሣችም።

«እንቁላሉን እነግራቸዋለሁ፤» አለች። «ትሪውንስ?»

«የጥላ ትሪ ከድግሱ በኋላ አይደፋም፤ የቤት ሰው ነው የሚበላው። ያቺን ፍሬ ሌላ ማን ይበላላታል?» ኪኑዌ የወረቀት መሸፈኛዋን ከአንገቷ ፈታች። እጅጌዋ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነበር፤ አልጎተተችውም። «ከእኔ አጠገብ አድርጉት።»

«ከአንቺ አጠገብ?» አለች ናትሱኖ፤ በጣቷ የእናትና የአባት ወንበሮችን አሰላለፍ ጠረጴዛው ላይ እየሣለች። «በዚህ በኩል መተላለፊያ ነው። በዚያ በኩል ከአንቺ ጎን የሚቀመጠው አባዬ ነው እኮ አክስቴ።»

«ታዲያ አባትሽ ጠጋ ይበላ፤» አለች ኪኑዌ።